የተቆለፈ ቤት ሒሳብ

ከኮሮና ወዲህ በየሻይ ቤቱ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ «የባሰ የጎዳን በሽታው ነው ወይስ ክልከላው?» የሚል። እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ እንግሊዛዊው ዳንኤል ዴፎ እ.ኤ.አ. በ1722 ያሳተመውን «የቸነፈሩ ዓመት ማስታወሻ» እንደገና አነበብሁት።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1665 ለንደንን የፈጀውን ቸነፈር በአንድ ኮርቻ ነጋዴ አንደበት ይተርካል። ዴፎ በዚያን ጊዜ የአምስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበርና ተራኪው ፈጠራ ነው፤ የከተማው ደንብና የሟቾች ቁጥር ግን ከዘመኑ መዝገብ የተወሰዱ ናቸው።

ደንቡ ጨካኝ ነው። በሽተኛ የተገኘበት ቤት ከነጤነኞቹ ይቆለፋል፤ በሩ ላይ ቀይ መስቀል ይሣልበታል፤ ቀንና ሌሊት ዘበኛ ይቆምበታል። ተራኪው ይህን አጥብቆ ይነቅፋል። ጤነኛው ከታመመው ጋር ታሽጎ ያልቃል፤ የጨነቀው ደግሞ ዘበኛውን አታሎ ወይም ደብድቦ ያመልጣል፤ አንዱን ዘበኛ እንዲያውም በባሩድ አቃጥለውት ሄደዋል። ያመለጠውም በሽታውን ይዞ ነው የሚዞረው።

እዚህ ላይ የሚያቆም አንባቢ «ክልከላ ከንቱ ነው» ብሎ መጽሐፉን ያጥፍ ይሆናል። ይህ ግን የሒሳቡ ግማሽ ነው። የለንደንን ገበያ የገደለው ቁልፉ ብቻ አልነበረም። ሀብታሙ ከተማውን ጥሎ ሸሸ፤ ገዢ ጠፋ፤ ሎሌና ገረድ ሜዳ ላይ ተጣሉ። ይህን ያደረገው ፍርሃት ነው። ስለዚህ የክልከላን ጉዳት የሚቆጥር ሁሉ፣ በሽታው ያለ ክልከላም ያደርስ የነበረውን ጉዳት አስቀድሞ መቀነስ አለበት። በተራኪው ምስክርነት ከተማዋን ያቆማት ዳቦ አለመጥፋቱና ለድሃው የተሰጠው ምጽዋት ነው።

የመጽሐፉ ድካም ያለው ድሃውን በሚያይበት ዓይን ላይ ነው። ተራኪው ድሃውን በደፋርነቱ ይወቅሰዋል፤ ዞር ብሎ ደግሞ በሽተኛ ማስታመምና ሬሳ ማጓጓዝ ውስጥ የገባው ርቦት መሆኑን ይነግረናል። ሁለቱን አያስታርቃቸውም።

ይህን ስነቅፍ ግን ራሴን አገኘሁት። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን ሰፈራችን ጉሊት የምትቸረችር ጎረቤቴን «ምነው ቤትሽ ብትቀመጪ?» አልኋት።

«ቤቱ ምን ያበላኛል፣ ወንድሜ?» አለችኝ።

ግድ የለሽ መሰለችኝ። እናቴን ግን ያን ጊዜ ከደጅ አላስወጣኋትም፤ እሷም እሺ ብላ ተቀመጠች። እናቴ ከጎረቤቴ ይልቅ አስተዋይ ስለሆነች አልነበረም፤ ዘንቢሉን የምሸከምላት እኔ ስለነበርሁ ነው።

በዴፎ መጽሐፍ መዝገቡ በቸነፈሩ የሞቱትን 68,590 ይላቸዋል፤ ተራኪው ግን ወደ 100,000 ያደርሳቸዋል፤ በየሜዳው ወድቆ የቀረውን የቆጠረው የለምና። ክልከላም እንዲሁ ያልተጻፈ ሙት አለው። በሽታው ይከፋል ብዬ አምናለሁ፤ በር ይዘጋ ቢባልም አልቃወምም። ብቻ በሩን የሚዘጋው እጅ ዳቦውንም ይዞ ይምጣ።