የወሰን አገር እባቦች

«ንጉሥ እባብ» ሲባል ኢትዮጵያዊ አንባቢ ወዲያው የሚያስታውሰው በአክሱም ነግሦ ሕዝቡን ያስገብር ነበር የሚባለውን አርዌን ነው። እኔ የምጽፈው ግን ከምኖርበት ከሳን ሆዜ ከተማ በስተምሥራቅ፥ ከአለም ሮክ መናፈሻ አንሥቶ እስከ ሐሚልተን ተራራ ድረስ ባሉት ኮረብቶች ስለሚኖር፥ የራሱ መርዝ ስለሌለው፥ ነገር ግን መርዘኛውን ራትልስኔክን እንኳ ተጠምጥሞ ገድሎ ስለሚውጥ፥ አሜሪካኖችም በዚህ ኃይሉ ምክንያት ኪንግስኔክ ብለው ስለ ሰየሙት እባብ ነው። ይህን እባብና ዘመዶቹን በየጸደዩ እየተመለከቱ መጻፍ ብዙ ዘመን የያዝሁት ሙያ ሲሆን፥ የዚህም ሙያ እጅግ ረቂቁ ክፍል ሁለት ንዑሳን ዝርያዎች ተገናኝተው በሚዋለዱበት በወሰን አገር ያለውን ፍጥረት አይቶ በእውነት መመስከር ነው።

እንዲህ ላለው ምስክርነት በካሊፎርኒያ ሥርዐት ያበጀለት ጆሴፍ ግሪኔል ነው። በበርክሌይ ያለው የአከርካሪ እንስሳት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1908 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ፥ እስከ 1939 ድረስ የመራው ይህ ሊቅ፥ ደቀ መዛሙርቱ በመስክ ያዩትን ሁሉ ሳይውል ሳያድር፥ በማይለቅ ቀለም፥ ቦታውንና ቀኑን ሳያስቀሩ እንዲጽፉ አጥብቆ ያዝዛቸው ነበር። እኔ በዚህ ላይ የጨመርሁት አንድ ልማድ አለ፤ እርሱም የንዑስ ዝርያውን ስም ከሁሉ በኋላ መጻፍ ነው። ስሙን አስቀድሞ የጻፈ ሰው ዓይኑ ስሙን ብቻ ይከተላልና፥ ስሙ የማይፈቅደውን ምልክት ሳያየው ያልፋል።

ለዚህ የላውረንስ ክላውበር ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው። በካሊፎርኒያ ደቡብ፥ በሳን ዲዬጎ አካባቢ፥ ኪንግስኔክ በሁለት መልክ ይታያል፤ አንዱ እንደ እኛ አካባቢ እባብ ጥቁርና ነጭ ቀለበት እየተፈራረቀ የዞረበት ሲሆን፥ ሁለተኛው በጀርባው ላይ አንድ ነጭ መስመር በቁመቱ የወረደበት ነው። ባለ መስመሩን ብሌንቪል በ1835፥ ባለ ቀለበቱን ደግሞ ቤርድና ጂራርድ በ1853 ለየብቻ ስለ ሰየሟቸው፥ ሁለቱ እንደ ሁለት ወገን ተቆጥረው ኖሩ። በሙያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ክላውበር ግን ከአንዲት እናት እንቁላሎች ሁለቱም መልክ እንደሚፈለፈል አይቶ በ1936 አስታወቀ። ይህ እንግዲህ የአንድ ወገን ኅብር እንጂ የሁለት ወገን ቱሳሔ አይደለም፤ ቀለበትና መስመር ተዘበራርቆበት የተገኘም እባብ ስለ ተዘበራረቀ ብቻ የወሰን አገር ፍጥረት ነው ሊባል አይችልም።

እውነተኛው ቱሳሔ በአንድ እባብ ገላ ላይ ሳይሆን በአገሩ ስፋት ላይ ይነበባል። በአሪዞና ደቡብ ምሥራቅ የካሊፎርኒያው ባለ ቀለበት ጎኑ በቢጫ ነጠብጣብ ከተሞላው ከበረሓው ኪንግስኔክ ጋር ይገናኛል፤ በዚያም አንዱ መልክ በድንገት አልቆ ሌላው የሚጀምርበት ስፍራ የለም፥ ወሰኑ ራሱ ሰፊ አገር ነውና። ይህን ለማወቅ የብዙ እባቦችን ምልክት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በየቦታቸው ተራ ደርድሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ቦታው ያልተጻፈለት እባብ፥ መልኩ የቱንም ያህል ቢያምር፥ በዚህ ሰልፍ ውስጥ የሚቆምበት የለውም።

የሳን ሆዜ ሰው ግን ይህን ለማየት አሪዞና ድረስ መሄድ አያሻውም። ከከተማችን በስተሰሜን ምዕራብ፥ በፓሎ አልቶ አካባቢ፥ ከ1967 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት ጥበቃ ሥር ያለው የሳን ፍራንሲስኮ ጋርተር እባብ ጎኑ ቀይ ከሆነው ጎረቤቱ ጋር ይቀላቀላል። ጥርት ያለው የሳን ፍራንሲስኮው እባብ ከአንገቱ ጀምሮ በየጎኑ እንደ ጥለት ሳይቋረጥ የሚወርድ ቀይ መስመር አለው፤ በጎረቤቱ ላይ ግን ጥቁሩ ቀዩን እየቆራረጠ ነጠላ ነጠላ ምልክት ያደርገዋል። ሕግ እንዳይነካ ስለ ከለከለ ከሩቅ በመነጽር እመለከተዋለሁ፤ ስመለከትም ራሴን እጠይቃለሁ፦ ቀዩ በግራ ጎን ስንት ጊዜ፥ በቀኝስ ስንት ጊዜ ተቆረጠ? የመጀመሪያው ቁራጭ በአንገቱ አጠገብ ነው ወይስ ከወገቡ በኋላ? ጥቁሩ ቀዩን ፈጽሞ አልፎታል ወይስ እስከ መካከሉ ገብቶ ቆሟል? ግራና ቀኙ ሁልጊዜ አይተካከሉምና አንዱን ጎን ብቻ አይቶ የጻፈ ሰው ግማሽ ምስክር ነው። ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ ስም ለመስጠት የምደፍረው አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አንዳንዶች መስመሩ የተቆረጠበትን እባብ «ንጹሕ አይደለም» ብለው ሲንቁት እሰማለሁ። ይህ አነጋገር ያሳዝነኛል። ሁለት ወገኖች ያለ ሰው እጅ፥ በገዛ ውኃቸውና በገዛ ሣራቸው ተገናኝተው የወለዱት ፍጥረት ርኩስ ሊባል አይገባም። በአገራችን በአዋሽ ከላይ የሚኖረው አኑቢስና ከታች የሚኖረው ሐማድርያስ ዝንጀሮ ተገናኝተው ይዋለዳሉ፤ ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ ከ1973 አንሥቶ ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ፥ ፍጥረት እንዴት እንደሚለያይና እንዴት እንደሚወራረስ ዓለም የተማረው ከእነዚሁ ከቅይጦቹ ነው። ሊቃውንት ሁለቱን ዝንጀሮዎች አንዴ ዝርያ፥ አንዴ ንዑስ ዝርያ ይሏቸዋል። በኪንግስኔክም እንዲሁ ሆነ፤ ፓይረንና በርብሪንክ በ2009 የቀድሞዎቹን ንዑሳን ዝርያዎች ወደ ሙሉ ዝርያነት ከፍ ሲያደርጓቸው፥ የአሪዞናው የወሰን እባብ በአንድ ጽሑፍ ማዕርጉ ተለወጠ። ስም ብቻ ጽፎ የነበረ ተመልካች መዝገቡ ሲያጠራጥር፥ ምልክቱንና ቦታውን የጻፈው ግን አንድ ቃል እንኳ መሰረዝ አላስፈለገውም።

እጅግ የምፈራው ሰው ሠራሹን ቅይጥ ነው። በየቤቱ ለመልክ ሲባል የሚዳቀሉት ኪንግስኔኮች አገር የላቸውም፤ ከእነርሱ አንዱ ቢለቀቅ የአንድን ሸለቆ ምስክርነት ያበላሻል። ከዚህም የከፋ አለ፦ በካናሪ ደሴቶች፥ በግራን ካናሪያ፥ ከካሊፎርኒያ ዘር የሆኑ የቤት እባቦች ወደ ዱር ገብተው ተባዝተው፥ ከዚያች ደሴት በቀር በተፈጥሮው ሌላ አገር የሌለውን ግዙፍ እንሽላሊት እየፈጁት ነው።

በሳን ሆዜ የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፥ በጓሮአችሁ ባለ ቀለበቱን እባብ ብታዩ አትግደሉት፤ አይጥንና ራትልስኔክን የሚቀንስላችሁ እርሱ ነው። በቤታችሁ ያሳደጋችሁትንም ወደ ኮረብታው አትልቀቁ። ከሩቅ ፎቶግራፍ አንሡና በ2008 በበርክሌይ ተማሪዎች በተጀመረው በአይናቹራሊስት ድረ ገጽ ላይ አኑሩት፤ ቀኑንና ቦታውን አትርሱ፤ ስሙን ካላወቃችሁ ግን ባዶውን ተዉት።