ከባንዲራው ስር ምን አለ?

ግራ ዘመም ፓርቲ መራጭ ለማግኘት የአገር ፍቅርን ማንሳት አለበት ወይ? በእንግሊዝ ይህ ክርክር በተነሳ ቁጥር ምስክር ተደርጎ የሚጠራው ጆርጅ ኦርዌል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተማት «አንበሳውና ዩኒኮርኑ» የምትባል ትንሽ መጽሐፍ አለችው። አንብቤ ስጨርስ የገረመኝ ግን ጠቃሾቹ ግማሿን ብቻ መጥቀሳቸው ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ የታወቀ ነው። ለንደን በጀርመን ቦምብ እየተደበደበች ኦርዌል የአገሩን የግራ ምሁራን ይወቅሳል፤ በእንግሊዛዊነታቸው ያፍራሉ ይላል። ልክ ነው። የምትወደውን ነገር የሚንቅብህን ሰው ለምን ትመርጠዋለህ?

ሁለተኛው ግማሽ ግን ዝርዝር ነው። መሬት፣ ማዕድን፣ ባቡርና ባንክ የሕዝብ ይሁኑ። ከፍተኛው ገቢ ከዝቅተኛው ከ10 እጥፍ አይብለጥ። ሕንድ ከጦርነቱ በኋላ ከፈለገች የመገንጠል መብት ይኑራት። አቢሲንያን ጨምሮ ፋሺስቶች ካጠቋቸው አገሮች ጋር ኅብረት በይፋ ይታወጅ። አዎ፣ እኛም አለንበት። ለኦርዌል አገር መውደድ «አገሩ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅንም ይጨምር ነበር።

የኪር ስታርመር ሌበር ፓርቲ በዋናነት የወሰደው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። መሪው ከባንዲራ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ በ2022 ጉባኤም ብሔራዊ መዝሙር ተዘመረ። በ2024 ፓርቲው 411 መቀመጫ አሸነፈ። «ይኸው፣ ሠራ!» ተባለ። እስቲ ቁጥሩን እንየው። በ2019 በጄረሚ ኮርቢን መሪነት ክፉኛ ሲሸነፍ ድምፁ 32 በመቶ ነበር፤ በ2024 ወደ 34 በመቶ ገደማ ነው። የወጣው መራጭ ስለቀነሰ በሰው ሲቆጠር እንዲያውም ከ10.3 ሚሊዮን ወደ 9.7 ሚሊዮን ወርዷል። መቀመጫውን ካበዙት ነገሮች ትልቁ የቀኙ ድምፅ በኮንሰርቫቲቭና በሪፎርም መካከል መከፈሉ ነው። ባንዲራው ጎዳ አልልም፤ ብቻውን ግን ብዙ ሰው አላመጣም። በኔ ሙያ ቋንቋ፣ የአፑን ቀለም ቀይሮ ኮዱን እንዳለ መተው ነው።

ዝርዝር መኖሩም ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ከኛ ታሪክ እናውቃለን። ደርግ «ያለምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ በጀመረ በወራት ውስጥ፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም.፣ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በዚያው ዓመት ሶሻሊዝምን አወጀ፤ የገጠር መሬትንም የሕዝብ አደረገ። ዝርዝር ነበረው ማለት ነው። የጠፋው መጠየቅ ነው፤ የጠየቀ «ፀረ-አብዮት» ተባለ።

ስለዚህ መልሴ አዎ ነው፤ ግራው አገሩን ይውደድ፣ ባንዲራውንም ለቀኙ አይተውለት። እኔ ግን ድምፄን ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ዝርዝሩ የታለ? ነገ ብቃወምህስ፣ አገሬን የጠላሁ ታደርገኛለህ?