ቴሲጀርና የእኛ በረሃ

እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የሞተ ፈረንጅ ነው። ስሙ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል። «እኛን ምን አገናኘን?» እንዳትሉ፤ ሰውዬው የተወለደው አዲስ አበባ ነው፣ በ1910 እ.ኤ.አ.፣ አባቱ የእንግሊዝ መንግሥት ተወካይ ሆኖ እዚያ ሲኖር። ያረፈው በ2003 ነው፣ በ93 ዓመቱ።

መጽሐፉን ያገኘሁት በምሠራበት ቤት መደርደሪያ ስወለውል ነው። ማዳምን አስፈቅጄ፣ ማታ ማታ በአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ፣ የማላውቀውን ቃል በስልኬ እየፈለግኩ፣ በአራት ወር ጨረስኩት። ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «የዓረቢያ አሸዋዎች» ማለት ነው፤ በ1959 ታተመ። ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን ባዶ በረሃ በ1940ዎቹ ከበዱዎች ጋር በግመልና በእግር ሁለት ጊዜ እንዳቋረጠ ይተርካል።

እውነቱን ልናገር፣ ወድጄዋለሁ። ጥሙንና ረሃቡን ሳይቀባባ ይናገራል። ይበልጥ ደስ ያለኝ ግን አብረውት የሄዱትን በስማቸው መጥራቱ ነው፤ ቢን ከቢና፣ ቢን ጋበይሻ እያለ። መጽሐፉንም ለእነሱ ነው መታሰቢያ ያደረገው። ስማችን ከብዷቸው ሌላ ስም የወጣልን እኛ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። መኪናና ነዳጅ መጥቶ የበዱዎቹ የጥንት ኑሮ መቅረቱን አምርሮ ያዝናል። ለእሱ መከራው ምርጫው ነበር፤ ሲበቃው የሚመለስበት እንግሊዝ አገር አለው። ቢን ከቢና ግን እዚያው ችግር ውስጥ ነው የተወለደው። ውሃ በመኪና ቢመጣላት እናቱ ምን ትል ነበር? እሷን የጠየቃት የለም። በመጽሐፉ ውስጥ ሴቶች ብዙም አይናገሩም።

ከዓረቢያ በፊትም፣ በ1933 እና 34፣ አዋሽን ተከትሎ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ደርሷል፤ ከዚያም ታጁራ ወጥቷል። ታጁራ! በእግሯ የመጣች ይህን ስም አትረሳውም። ከታጁራ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። እኔ የመጣሁት በአውሮፕላን ነው፤ አርብ አርብ የማገኛት አንዲት እህት ግን በዚያ ነው የመጣችው። ስለ መጽሐፉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ስንት ግመል ነበረው?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እኛ አንድ ጀሪካን ለሦስት ነበርን» አለች።

እሱ ግመልና መሣሪያ የያዙ አጃቢዎች ነበሩት፤ ጀግና ተባለ። እሷ በሌሊት ተጉዛ «ሕገወጥ» ተባለች። በመንገድ የቀሩትን ስም የጻፈ የለም።

ለዚህ ቴሲጀርን አልወቅሰውም። እሱ ያየውን ጽፏል፤ ባይጽፍ ኖሮ እኔ ቢን ከቢናን ከየት አውቀው ነበር? ስለዚህ አንድ ደብተር ገዛሁ። አርብ አርብ እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አብረዋት የነበሩትን ስም መጀመሪያው ገጽ ላይ አስፍረናል። አሁን ታጁራ ደርሰናል።