ኮልፌ እና ሰንደቅ ዓላማው፦ የማንዴላ ሥልጠና፣ የታደሰ ብሩ ጥያቄ

በሕግ ዓይን የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ትርጉም ያለቀለት ጉዳይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለማቱን በእኩል አግድም ደርድሮ መሐላቸው ላይ ዓርማ ያኖራል። አዋጅ ቁጥር 654/2001 ደግሞ አረንጓዴው የሥራና የልምላሜ፣ ቢጫው የተስፋ፣ የፍትሕና የእኩልነት፣ ቀዩም ስለ ነጻነትና እኩልነት የተከፈለ መሥዋዕትነት ምልክት መሆኑን ደንግጓል። እነዚህ ቀለማት በሰዎች ሕይወት ውስጥ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ግን ከአዋጅ አይገኝም። ለዚህ ጥያቄ ከአዲስ አበባው ኮልፌ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

በሰኔ 1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና ለመውሰድ ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ገባ። በዚያው ዓመት አጋማሽም ለፓን አፍሪካ ጉባኤ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በዚያ ጉዞ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሳፈር አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይቶ ለአፍታ እንደ ደነገጠ፣ ወዲያውም የአፓርታይድ አስተሳሰብ በራሱ ውስጥ መኖሩን እንደ ተረዳ በግለ ታሪኩ ጽፏል። የአገር ምልክት እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም። ማንዴላ ኢትዮጵያን ያነበባት በጨርቅ ላይ ሳይሆን አውሮፕላን በሚያበርና ጦር በሚያዝ ጥቁር ሰው ላይ ነበር። ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የተሰጠው የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ከዚሁ ንባብ የሚቆጠር ነው፤ አገር አልባ የተደረገ ሰው የሌላ አገር ዜጋ ሆኖ ድንበር ተሻግሮበታል። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ከአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ በመጣ ጥሪ ተቋረጠ። ማንዴላም አገሩ ተመልሶ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዘ፤ ከእስር የወጣው ከ27 ዓመታት በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ በእኛ ዘንድ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ግማሹ የቀረው በአስተማሪው በኩል ነው። ለማንዴላ በኮልፌ ስለ ጦር አመራር ያስተማሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። የትምህርታቸው ፍሬ ነገር በማንዴላ መጽሐፍ ሰፍሮ ይገኛል፦ የነጻነት ጦር አዛዥ በግዳጅ ላይ በሙሉ ሥልጣን ያዝዛል፤ ከግዳጅ ውጭ ግን ከተራው ወታደር ጋር ፍጹም እኩል ነው፤ እነሱ የሚበሉትን ይበላል፣ ተነጥሎ ማዕድ አይቀርብለትም። ቢጫው ቀለም የእኩልነት ምልክት ነው ተብሎ ከመታወጁ ከአርባ ዓመታት በላይ ቀድሞ፣ እኩልነት ኮልፌ ላይ እንዲህ በእንጀራና በወጥ ልክ ተተርጉሟል።

ታደሰ ብሩ በ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ለዙፋኑ ታማኝ ሆነው የቆሙ መኮንን ናቸው። በኋላ ጄኔራል ሆነው በሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ውስጥ የኦሮሞን ሕዝብ የትምህርትና የክብር ጥያቄ አነሡ። በ1959 ዓ.ም. ታሰሩ፤ የተፈረደባቸው ሞትም ወደ እስራት ተለወጠ። በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ደርግ ረሸናቸው። ዘውዱ በአዋጅ የተሻረው በዚያው ወር ነው፤ በሰንደቁ ላይ የነበረው አንበሳም ዘውዱን አጣ። ምልክቱ ተለወጠ፣ ጠያቂው ግን በሁለቱም መንግሥታት ሥር ወንጀለኛ ሆኖ አለፈ። ስለዚህ ስለ ሰንደቅ ዓላማው የምናወጋው የቀድሞው አንበሳና የዛሬው ዓርማ ኮከብ ክርክር ብቻ ከሆነ ዋናውን ነገር ስተናል እላለሁ።

ከውጭ የታየው ኩራት ሐሰት አልነበረም። በ1949 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው ጋና የኢትዮጵያን ሦስት ቀለማት ስትወስድ፣ ሰንደቁን የነደፈችው ቴዎዶሲያ ኦኮ መሐሉ ላይ ጥቁር ኮከብ አኖረች። እዚያ ቢጫው የማዕድን ሀብት፣ አረንጓዴው የደን ምልክት ሆኗል። ቀለሙ ተሻገረ፤ ትርጉሙን የተቀበለው ሕዝብ ሞላው። በአገር ቤት ያለውም ቅሬታ ሐሰት አይደለም፤ በ1988 ዓ.ም. የመጣው ዓርማ፣ እኩል መስመሮቹ የብሔሮችንና የሃይማኖቶችን እኩልነት እንዲያሳዩ ተደርጎ መነደፉ ለዚሁ የእኩልነት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር። መልሱ አሳቡ ቀና ነው። ነገር ግን ዓርማ የሌለውን ሰንደቅ መያዝ በሕግ ሲከለከል፣ የእኩልነት ምልክት ሆኖ የተነደፈው ዓርማ የመለያያ ምልክት ሆነ፤ በዓድዋ በዓል ማን የትኛውን እንደያዘ መቆጣጠር ተጀመረ።

የዚህ ዋጋ ኮልፌ ደጃፍ ድረስ መጥቷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) አመራሮች ወደ አገር ሊገቡ ሲሉ፣ የአዲስ አበባ ጎዳና ጠርዝ በየትኛው ሰንደቅ ቀለም ይቀባ በሚል ወጣቶች ተጋጩ። ወዲያው ከኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ጋር በምትዋሰነው ቡራዩ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ተፈናቀሉ። ሟቾቹን የገደላቸው ቀለም አይደለም። ቢሆንም ለሁለት የተከፈለ ትዝታ በአንድ ጎዳና ላይ ሲገናኝ የሚያስታርቀው የጋራ ታሪክ አላገኘም፤ ያ ታሪክ ግን እዚያው ሠፈር፣ በፈጥኖ ደራሽ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

የሰንደቅ ዓላማ ቀን በየዓመቱ በጥቅምት የመጀመሪያ ሰኞ ይከበራል። በክፍለ ከተማው ትምህርት ቤቶች የቀለማቱ ትርጉም ከአዋጁ ሲነበብ፣ ሠልጣኙና አሠልጣኙ አብረው ቢነገሩ እመርጣለሁ፦ ማንዴላ በኢትዮጵያ ያየው ነጻነት፣ ታደሰ ብሩም ከኢትዮጵያ የጠየቁት እኩልነት።