ፈረቃና አዲስ ሰፈር፦ የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤቶች መጨናነቅ የተያዘበት መንገድ ሲመረመር

አንድ አዲስ ሰፈር ተቆርቁሮ ነዋሪ በገባበት ዓመት፣ ከአገልግሎት ተቋማቱ ሁሉ ቀድሞ የሚጨናነቀው የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤቱ ነው። ገበያው ውሎ አድሮ ይደራል፤ መንገዱም ቀስ በቀስ ይጠረጋል፤ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ግን መስከረም ሲጠባ ከት/ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ይህ መጨናነቅ በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ አደጋ ይታያል፤ መድኃኒቱም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ይኸውም ተማሪዎቹን በሁለት ፈረቃ መክፈል ነው። እዚህ ላይ የሚሰነዘረው ትችት ፈረቃ ለምን ኖረ የሚል አይደለም። ትችቱ የሚያርፈው ፈረቃ የመጀመሪያውና ብቸኛው መልስ ሆኖ በመያዙ ላይ ነው።

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ መልክ ከተጀመረ ወዲህ፣ ጀሞን፣ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱንና ቦሌ አራብሳን የመሳሰሉ፣ በስፋታቸው ራሳቸውን እንደቻሉ ከተሞች ሊቆጠሩ የሚችሉ ሰፈሮች በከተማይቱ ዳርቻ ተቆርቁረዋል። የእነዚህ ሰፈሮች ልዩ ባሕርይ ሕዝባቸው እንደ ነባሮቹ በውልደትና በዝግታ የሚያድግ አለመሆኑ ነው። ቤቱ የሚታደለው በዕጣ ነው። በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ በወጣው ዕጣ ብቻ 51,229 ቤቶች ለባለዕድለኞች ተመድበዋል። የቁልፍ ርክክቡ ቢዘገይም ባይዘገይም፣ ሰው የሚገባው በገፍና በአንድ ሰሞን ነው። ባለዕጣው ራሱ ባይገባ እንኳ ያከራያል፤ ተከራዩም ብዙ ጊዜ ልጆቹን ገና በማሳደግ ላይ ያለ ወጣት ቤተሰብ ነው። ስለዚህ በአዲሱ ሰፈር የሚኖሩት ልጆች በዕድሜ ተቀራራቢ ይሆናሉ፤ 1ኛ ክፍልን ያጨናነቀው ብዛትም ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ይሸጋገራል።

ነገሩ በኢትዮጵያ የተጀመረ አይደለም። አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ባቀረበው የመኖሪያ ሰፈር ንድፍ፣ የአንድ ሰፈር መጠን የሚለካው አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት በሚያገለግለው ሕዝብ ብዛት እንዲሆን፣ ት/ቤቱም በሰፈሩ መካከል ልጆች በእግራቸው የሚደርሱበት እንዲሆን ሐሳብ ሰጥቶ ነበር። ይህ ንድፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር በተቆረቆሩት አዳዲስ ከተሞች በሰፊው ተሠርቶበታል። ሆኖም ንድፉ ስለ ቦታ እንጂ ስለ ጊዜ የሚለው ብዙ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተችው ሃርሎ በወጣት ቤተሰቦችዋ ብዛት የተነሣ «የሕፃናት ጋሪ ከተማ» የሚል ቅጽል እስከማትረፍ ደረሰች። ስቲቭኔጅ የምትገኝበት የሄርትፎርድሺር አስተዳደር ይህን ዓይነቱን ፍላጎት ለመቅደም በፋብሪካ የተዘጋጁ አካላትን እየገጣጠመ በአጭር ጊዜ ብዙ ት/ቤቶችን ሠራ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ግን በመላው እንግሊዝ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር እያሽቆለቆለ ስለ ሄደ፣ ትናንት ጥበት የነበረበት ሕንፃ ትርፍ ክፍል የሚበዛበት ሆነ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፣ የአዲስ ሰፈር መጨናነቅ የሚመጣበትም የሚያልፍበትም ጊዜ አስቀድሞ ሊገመት የሚችል መሆኑ ነው።

ይህ እውነት በእቅድ ሰነዶች ውስጥ ጎልቶ የማይታየው በአማካይ ቁጥር ስለሚሸፈን ነው። ለመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። በዳርቻው ባለ ት/ቤት በአንድ ክፍል 70 ልጆች ቢቀመጡ፣ ነዋሪዎቹ በመልሶ ማልማት በተነሡበት የመሀል ከተማ ሰፈር ደግሞ በተመሳሳይ ክፍል 30 ቢቀሩ፣ የሁለቱ አማካይ ልክ 50 ነው። ሪፖርቱ መለኪያው ተሟልቷል ይላል፤ የዳርቻው መምህር ግን በወንበሮቹ መካከል ማለፊያ አጥቶ ከሰሌዳው ሥር ይውላል።

በምሳሌ ለማየት ያህል፣ 10,000 ቤቶች ባሉበት ሰፈር ከሁለት ቤት አንዱ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚማር አንድ ልጅ አለው ቢባል 5,000 ተማሪ ይሆናል። በ50 ሲካፈል 100 ክፍል ይጠይቃል። ይህም 25 መማሪያ ክፍል ያላቸው አራት ት/ቤቶች ማለት ነው። ሁለት ብቻ ተሠርተው ከሆነ ፈረቃ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ያስተካክለዋል።

በወረቀት ላይ የተስተካከለው ግን በልጁ ጊዜ የተከፈለ ነው። ፈረቃ የሚቆጥበው ክፍልንና ወንበርን ብቻ ነው። የንባብና የስሌት መሠረት የሚጣለው በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ሲሆን፣ ለጀማሪ ልጅ ከመምህሩ ፊት ፊደል ደጋግሞ የሚያነብበት ሰዓት በሌላ ነገር አይተካም። አባትና እናት ሥራ ውለው በሚገቡበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ ከት/ቤት ውጭ የሚቀረው ግማሽ ቀን በደረጃና በኮሪደር ላይ ያልቃል። መምህሩም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌላ ሰፈር ነው፤ ትራንስፖርት ባስረፈደው ቁጥር ከአጭሩ ፈረቃ ላይ ደግሞ ይቀነሳል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማይቱ የመንግሥት ት/ቤቶች የተስፋፋው የምገባ ፕሮግራም ለቁርስና ለምሳ የተሰናዳ እንደ መሆኑ፣ ሙሉ ቀን ለሚውል ተማሪ እንጂ ቀኑ ለሁለት ለተቆረሰበት ልጅ አይመችም።

እርግጥ ነው፣ ፈረቃ 90 ልጆችን በአንድ ክፍል ከማጎር ይሻላል። ልጁን ከነጭራሹ ከበር ከመመለስም ይሻላል። ችግሩ ለአንድ ዓመት ተብሎ የተጀመረው ፈረቃ ተጨማሪውን ት/ቤት የማሠራቱን ግፊት ማብረዱ ነው፤ ሰልፉ ከበሩ ላይ ሲጠፋ በጀቱም ወደ ሌላ ይዞራል።

በተቃራኒው ሊደረግ የሚችለው ውድ አይደለም። ቁልፍ ሲሰጥ፣ ቤት ሲከራይም፣ የልጆች ዕድሜ ቢመዘገብ የሚቀጥሉት ስድስት ዓመታት የተማሪ ብዛት በእያንዳንዱ ክፍል ይታወቃል። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የሚቋቋሙት የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው። ለጊዜያዊ ብዛት ደግሞ ጊዜያዊ ክፍል ይበቃዋል። በብሎኮቹ መካከል የተሠሩት የጋራ መገልገያ ቤቶች፣ እንዲሁም በጨረታ የሚሸጡት የምድር ቤት የንግድ ክፍሎች ከፊላቸው፣ ብዛቱ እስኪያልፍ ድረስ ለታችኞቹ ክፍሎች ቢመደቡ ልጁ ሙሉ ቀን ይማራል። የጨረታው ገቢ ለቤቶቹ ግንባታ መደጎሚያ ነው የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ ሽያጩን ስድስት ዓመት ማዘግየት ግን ገቢውን ማጣት አይደለም። ከዚህ የሚከብደው የመጸዳጃና የመጫወቻ ጉዳይ ነው፤ በሱቅ ውስጥ የሚከፈት ክፍል ሁለቱም በአጠገቡ ካልተዘጋጁለት መከፈት የለበትም።

ፈረቃ የግድ በሚሆንበት ት/ቤትም ቢሆን፣ የትኛው ክፍል በፈረቃ ይግባ የሚለው ጥያቄ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም። የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች ሙሉ ቀን ይዋሉ፤ ብቻቸውን ማንበብና የቤት ሥራ መሥራት የሚችሉት የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች በፈረቃ ይግቡ። ይህን ለመወሰን አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ ርዕሰ መምህሩ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን በነሐሴ ወር ሲያወጣ የሚሠራው ነው።