በገበሬ ደጅ የመኳንንት ሙሽራ፦ የጃፓን ገጠር የኪሞኖ ሰርግ ፎቶ ሂሳዊ ዳሰሳ

የምስሉ አቀማመጥ ከመንደር መንደር እምብዛም አይለያይም። ከኋላ ሾጣጣ የሣር ክዳን ቤት ይቆማል፤ ከጎን እንደ ወቅቱ ውሃ የቋጠረ የሩዝ ማሳ ወይም የተቆለለ በረዶ ይታያል። ከፊት ሙሽሪት ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ ሐር ለብሳለች። ሙሽራው አምስት የቤተሰብ ዓርማ ባለበት ጥቁር ኪሞኖ ላይ ሃካማ የሚባለውን ሰፊ ሽንሽን ታጥቋል። ከታይፔ፣ ከሆንግ ኮንግ፣ ከሲድኒ ወይም ከፓሪስ ለጫጉላ የመጡ ጥንዶች ናቸው፤ በሕግ የተጋቡት አገራቸው ነው። ልብሱ የኪራይ ነው። አልባሿ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ፎቶ አንሺውና መኪናው በአንድ ዋጋ ተጠቃለው ይሸጣሉ። ጥንዶቹ አመሻሹ ላይ ልብሱን መልሰው ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ባቡር ጣቢያ ይሄዳሉ።

ይህን ንግድ ሰዎች ወይ የጥንቷን ጃፓን መቅመሻ አድርገው ያወድሱታል፣ ወይ የባህል ማስመሰያ ብለው ይነቅፉታል። ሁለቱም ወገኖች ግን ሳይነጋገሩ የሚስማሙበት ነገር አለ፦ ከምስሉ ጀርባ አንድ ወጥ፣ ጥንታዊ የገጠር ሰርግ ነበረ ብለው ያምናሉ። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ከዚህ ይነሣል። ልብሱ የመጣው ከጦረኛ መኳንንት ቤት፣ የሰርጉ ሥርዓት ከቤተ መንግሥት፣ ቤቱ ከገበሬ ነው። ሦስቱን በአንድ ደጅ ያገናኛቸው የካሜራና የቱሪዝም ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ ከተዘለለ የመንደሩ ሕዝብ ድካምም አብሮ ይዘለላል።

ከልብሱ እንጀምር። ሺሮሙኩ የሚባለው ሁለንተናው ነጭ የሙሽራ ልብስና በላዩ የሚደረበው ኡቺካኬ የሳሙራይ ቤተሰብ ሴቶች መለያ ነበሩ። ዛሬም ሙሽሪት በወርቀ ዘቦ ሰገባ የምትሸጉጣት ትንሽ ጩቤ ይህንኑ ትመሰክራለች፤ የጦረኛ ቤት ሴት ክብሯን የምትጠብቅባት መሣሪያ ነበረች። ገበሬው በዚህ ዓለም ውስጥ ስፍራ አልነበረውም። የቶኩጋዋ መንግሥት በ1628 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ትእዛዝ ገበሬዎች ከጥጥና ከቃጫ ጨርቅ በላይ እንዳይለብሱ ከልክሏል፤ የመንደር አለቆች እንኳ የተፈቀደላቸው ሸካራው የሐር ዓይነት ብቻ ነበር። በሜይጂ ዘመን የመደብ ገደቡ ከተነሣ በኋላም ቢሆን ነጩ ልብስ ወዲያው የሁሉም ሙሽራ አልሆነም። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ አቅም ያላቸው ብዙ ሙሽሮች የሚለብሱት ዘርፉ ላይ ሥዕል የተሠራበት ባለ ዓርማ ጥቁር ኪሞኖ ነበር። ነጩን ለሁሉም ያዳረሰው ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፋው የሰርግ አዳራሽና የልብስ ኪራይ ንግድ ነው።

በጊፉ ክፍለ ሀገር የምትገኘውን ሺራካዋ-ጎን ስንጨምርበት ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ለጸሎት የተጋጠሙ መዳፎችን የሚመስሉት የጋሾ ቤቶች ጣሪያ እስከ 60 ዲግሪ የሚያጋድለው ከባድ በረዶ እንዲያራግፍ ነው። ጣሪያው ሥር ያሉት ሰፋፊ ቆጦች ግን የሐር ትል ማርቢያ ነበሩ። ከታች የሚነደው ምድጃ ትሉን ያሞቃል፤ ጭሱ ሣሩንና ማሰሪያውን ከነቀዝ ይጠብቃል። ጃፓን በ1859 ዮኮሃማን ለውጭ ንግድ ከከፈተች በኋላ ሐር ዋነኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆነ፤ በ1872 መንግሥት የቶሚዮካን የሐር ፋብሪካ አቋቋመ። የተራራው ገበሬ የሐር አምራች እንጂ የሐር ለባሽ አልነበረም። ዛሬ ቱሪስቷ ሙሽራ በዚያ ቤት ደጅ በሐር ስትቆም፣ ቤቱ ለገበያ ይልከው የነበረው ሀብት በኪራይ ተመልሶ ደጁ ቆሟል ማለት ነው። ይህን ለጥንዶቹ የሚነግራቸው አስጎብኚ ካለ ምስሉ ከጌጥነት አልፎ የኢኮኖሚ ታሪክ ይሆናል።

የሰርጉ ሥርዓትም ዕድሜው ከሚገመተው ያጠረ ነው። ለረጅም ዘመን ጃፓናውያን የሚጋቡት በቤት ውስጥ፣ ያለ ካህን፣ የሩዝ መጠጥ በሦስት ዋንጫ ሦስት ሦስት ጊዜ እየተጎነጩ ነበር። በሺንቶ መቅደስ ፊት መጋባት የተስፋፋው ግንቦት 10 ቀን 1900 አልጋ ወራሹ ዮሺሂቶ በቤተ መንግሥቱ መቅደስ ኩጆ ሳዳኮን ካገባ ወዲህ ነው። ዛሬ ቶኪዮ ዳይጂንጉ የሚባለው መቅደስ ይህን አርአያ አድርጎ ሥርዓቱን ለተራው ሕዝብ አቀረበ። ኤሪክ ሆብስባውምና ቴሬንስ ሬንጀር በ1983 ባሳተሙት መድበል ጥንታዊ የሚመስሉ ብዙ ልማዶች የቅርብ ጊዜ ፈጠራዎች መሆናቸውን ለማሳየት ከተነተኗቸው ጋር ይህ ጉዳይ በቀላሉ ይመደባል። የእስራኤሏ አንትሮፖሎጂስት ኦፍራ ጎልድስታይን-ጊዶኒ ደግሞ በኮቤ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ የኪሞኖ አልባሽ ሆና ሠርታ በ1997 ባወጣችው ጥናት፣ ጃፓናዊነት ራሱ ከነጭ ቬሎ ጎን ለጎን እንደ ጥቅል ዕቃ እየተዘጋጀ ለጃፓናውያን እንደሚሸጥ አሳይታለች። ስለዚህ ባዕዳኑ ጥንዶች ጥቅሉን አልፈጠሩትም፤ ለአገሬው ሰው ተሠርቶ ያገኙትን ነው የገዙት።

በተዋቀረ ትዕይንት መሀል ፎቶ መነሣትም የስማርት ስልክ ዘመን ልጅ አይደለም። በ1863 ዮኮሃማ የደረሰው ፌሊስ ቢያቶና ከእርሱ ዘንድ የሠራው ኩሳካቤ ኪምቤይ በእጅ ቀለም የተቀቡ ፎቶዎችን ለተጓዦች ይሸጡ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ በተቀባ መጋረጃ ፊት ሞዴሎችን እንደ ገበሬ፣ እንደ ሳሙራይ፣ እንደ ሙሽራ ያቆሙ ነበር፤ ጎብኚዎችም ራሳቸው ኪሞኖ ለብሰው ይነሡ ነበር። ልዩነቱ ያኔ መንደሩ በሸራ ላይ ተሥሎ ወደ ስቱዲዮ ይገባ ነበር፤ አሁን ስቱዲዮው ወደ መንደሩ ወጥቷል። መንገዱን ጠርገው የሰጡትም የከተማ ጃፓናውያን ናቸው። የጃፓን ብሔራዊ የባቡር ድርጅት በ1970 ባስጀመረው «ዲስከቨር ጃፓን» (ጃፓንን እናግኛት) በተባለው ዘመቻ ወጣት ከተሜ ሴቶች ሄደው ወደማያውቁት «አገር ቤት» እንዲጓዙ ተጋበዙ። ማሪሊን አይቪ በ1995 መጽሐፏ እንዳብራራችው፣ የዘመቻው ጉልበት እየጠፋ ያለውን ነገር በሚጠፋበት ቅጽበት ማስናፈቁ ላይ ነበር።

የጫጉላው አቅጣጫም ዞሯል። ሳካሞቶ ርዮማ በ1866 ከባለቤቱ ኦርዮ ጋር ወደ ኪሪሺማ ተራራ ያደረገው ጉዞ የጃፓን የመጀመሪያው የጫጉላ ጉዞ ተብሎ ይጠቀሳል። በ1974 ወደ ሚያዛኪ ብቻ 370,000 ያህል ጥንዶች ሄዱ፤ በዓመቱ ካገቡት ከሦስት አንዱ መሆኑ ነው። ከዚያ ሃዋይና ጉዋም ተራቸውን ወሰዱ፦ ክርስቲያን ያልሆኑ ጃፓናውያን ጥንዶች በኪራይ ቬሎ፣ ለሰርግ ተብሎ በተሠራ የባሕር ዳር ጸሎት ቤት ፊት ፎቶ ተነሡ። አሁን ክርስቲያኑም ቡድሂስቱም ከውጭ መጥቶ በኪራይ ሺሮሙኩ ይቆማል። ሁለቱን የሚለያቸው የመልበሱ ሥነ ምግባር ሳይሆን የምንዛሪው አቅጣጫ ነው፤ በ2024 አንድ ዶላር ከ160 የን በላይ ሲመነዘር ጃፓን ርካሽ የምሥራቅ ህልም ሆነች።

ለአማርኛ አንባቢ አንድ ንጽጽር ይበጃል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ሲጽፉ፣ እርሳቸውንም ሆነ የዘመኑን ምሁራን የማረካቸው የጃፓን አዲስነት ነበር። የዛሬው ተጓዥ ያችኑ አገር የሚፈልጋት ስላረጀችለት ነው። አንድ አገር በዘጠና ዓመት ገደማ ውስጥ ከዘመናዊነት ምሳሌነት ወደ ጥንታዊነት መደብር መዛወሯ ከአገሪቱ ይልቅ ስለ ተመልካቹ ብዙ ይናገራል።

ይሁን እንጂ የሻጩ ወገን ችግር እውነተኛ ነው። በ1972 በጃፓን 1.1 ሚሊዮን ገደማ ጋብቻ ተመዝግቧል፤ በ2023 ቁጥሩ ከ500,000 በታች ወረደ። ካገቡትም መሀል ድግሱን ትተው ፎቶ ብቻ የሚነሡ አሉ። የኪሞኖ ገበያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እያሽቆለቆለ ሲሄድ ሽመናው፣ ማቅለሙና ስፌቱ ወራሽ እያጣ ነው። በሌላ በኩል የውጭ ጎብኚው ቁጥር በ2019 ከነበረው 31.9 ሚሊዮን በ2024 ወደ 36.9 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። የሰርግ ልብስ አከራይ ፊቱን ወደ ውጭ ጎብኚ ቢያዞር አይገርምም። ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ አንድ ኡቺካኬ ለበርካታ ሙሽሮች ይከራያልና ኪራዩ አልባሿንና አከራዩን እንጂ ሸማኔውን በቀጥታ አያኖረውም።

ወጪው ከማንም ይልቅ የሚከብደው መንደሩን ነው። የሺራካዋ-ጎ መንደር የሆነችው የኦጊማቺ ነዋሪዎች በ1971 ማኅበር አቋቁመው ቤቶቻቸውን ላለመሸጥ፣ ላለማከራየትና ላለማፍረስ ተስማሙ። ዩኔስኮ መንደሯን በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ከ24 ዓመት በኋላ በ1995 ነው። ሣር ክዳኑ በሠላሳ በአርባ ዓመት አንዴ ይለወጣል፤ ወጪው ከአሥር ሚሊዮን የን በላይ ነው። ሥራው በወንፈል፣ በጃፓንኛ ዩኢ በሚባለው የመረዳዳት ልማድ ይካሄድ ነበር፤ አሁን የመንግሥት ድጎማና የበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ታክሎበታል። እሳት ሲነሣ መንደሩ በሙሉ ሊጠፋ ስለሚችል በየመጸው የውሃ መርጫዎቹ በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው 1,600 ያህል ነዋሪ ያለው የገጠር አስተዳደር ከወረርሽኙ በፊት በዓመት ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ያስተናግድ ነበር። የሰው ደጅ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ለሰርግ ፎቶ ሲውል ደግሞ ደጁ የሰው መሆኑ ይረሳል። በኪዮቶ ጊዮን ሰፈር በ2019 በግል መንገዶች ላይ ፎቶ ማንሣት ተከልክሎ 10,000 የን ቅጣት የታወጀው ይህ መረሳት ስለበዛ ነው።

ባዕድ ሰው ኪሞኖ መልበሱ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈስሶበታል። በ2015 የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጎብኚዎች በክሎድ ሞኔ ሥዕል ፊት ኪሞኖ እንዲለብሱ ሲጋብዝ እስያውያን አሜሪካውያን ተቃወሙ፤ ኪሞኖ ለብሰው ዝግጅቱን ሊደግፉ የመጡም ነበሩ። በ2019 ኪም ካርዳሺያን ለውስጥ ልብስ ንግዷ «ኪሞኖ» የሚል ስም ስትመርጥ የኪዮቶ ከንቲባ ዳይሳኩ ካዶካዋ ደብዳቤ ጻፉ፤ እርሷም ስሙን ለወጠችው። ሁለቱ ጉዳዮች ወደ ገጠሩ ፎቶ ሲዛወሩ ግን ዒላማቸውን ይስታሉ። የቦስተኑ ቁጣ የመነጨው በአሜሪካ ከሚኖሩ እስያውያን ተሞክሮ ነው፤ የኪዮቶው የስም ባለቤትነት ጥያቄ ነው። በኦጊማቺ ጥያቄው የመሬትና የጉልበት ነው። ልብሱን ማን ለበሰ ከማለት በፊት የማን ግቢ ተረገጠ፣ ክዳኑን ማን ለወጠ መባል አለበት።

የተሻለ መንገድ እንዳለ የኖቶ ልሳነ ምድር ያሳያል። በኖቶና በካጋ አካባቢ ሙሽሪት ከወላጆቿ ቤት የራሷን ወገን ዓርማ የያዘ መጋረጃ ይዛ ትሄዳለች፤ በሙሽራው ቤት የቡድሃ መሠዊያ ባለበት ክፍል ደጃፍ ተሰቅሎ አልፋው ከገባች በኋላ መጋረጃው ወደ ሣጥን ይመለሳል። ልማዱ በኤዶ ዘመን ማብቂያ የተጀመረ ነው። በናናኦ ከተማ የኢፖንሱጊ ጎዳና ነጋዴዎች ከ2004 ጀምሮ ከየሣጥኑ የወጡትን መጋረጃዎች በየሱቃቸው እየሰቀሉ ስለ ባለቤቶቻቸው ለእንግዳ ያወሩ ነበር። በ2016 ሙዚየም ተከፈተ፤ እንግዳ ሴት የሙሽራ ልብስ ለብሳ በመጋረጃው የምታልፍበት አገልግሎትም ተጀመረ። ይህም ትዕይንት ነው። ሆኖም ዕቃው የዚያው ቦታ ነው፣ ተራኪው ነዋሪው ነው፣ ትዕይንቱ ምን ከምን እንደተወሰደ አይሸሽግም። ጥር 1 ቀን 2024 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን ሲጎዳ ደግሞ የእንዲህ ያለው ቱሪዝም መሠረት ጎብኚው ሳይሆን የነዋሪው ኑሮ መሆኑ ግልጽ ሆነ፤ በዚሁ መጋረጃ ስም የተሰየመው ባቡርም አገልግሎቱ ተቋረጠ።

ከዚህ ተነሥቶ ለሺራካዋ-ጎ ዓይነት ፎቶ መመዘኛ ማበጀት ይቻላል። ጥቅሉ ሲሸጥ ከዋጋው ለሣር ክዳኑ ማደሻ የሚቆረጥ ድርሻ ቢኖር፣ የሚነሡበት ግቢ ባለቤት ስሙ ተጠቅሶ ቢከፈለው፣ ጥንዶቹ ከመቆማቸው በፊት ወደ ቆጡ ወጥተው የሐር ትል መደርደሪያውን ቢያዩ ልብሱ በዚያ ደጅ የእንግዳ ልብስ እንደነበረ ይረዳሉ። ይህ ፎቶውን አያስቀርም፤ አከራዩንም አያከስርም። አሁን ባለው ይዘቱ ግን ሙሽሮቹ የሚከፍሉት ለመኳንንቱ ልብስ ነው፤ የገበሬው ቤት በነጻ ይቆምላቸዋል።