«አንሸራታች» ወይስ «ተንሸራታች»?

በአዳራሽ ውስጥ ለሚደረግ ውድድር የሚዘጋጅ፣ በራዲዮ የሚመራ ትንሽ መኪና «ስሊፐር ክላች» የሚባል ክፍል አለው። ይህን «አንሸራታች ፍሪሲዮን» ብሎ መተርጎም ለጊዜው የተሳካ ይመስላል፤ ነገር ግን የመሣሪያውን ሥራ ይገለብጠዋል።

«ፍሪሲዮን» ከጣሊያንኛ ገብቶ በመካኒኮች ዘንድ ሥር የሰደደ ቃል ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነቀፌታችን በቅጽሉ ላይ ነው። «አንሸራታች» ሌላውን የሚያንሸራትት ማለት ነው፤ መሣሪያው ግን ራሱ የሚንሸራተተው ጎማው እንዳይንሸራተት ነው። የሞተሩ ጉልበት ከልክ ሲያልፍ በሞላ የተጫኑት ሸራዎች ይንሸራተታሉ፤ በዚህም የማርሹ ጥርስ ከመሰበር ይድናል።

ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። ስሙን አምኖ ጎማው እንዲንሸራተት ዳዶውን ያላላ ሰው ሸራውን ያቃጥላል። ትክክለኛው አሠራር የኋላ ጎማዎችን አጥብቆ ይዞ ትልቁን ማርሽ በጣት መግፋት ነው፤ ማርሹ በጭንቅ ብቻ ሊዞር ይገባል። ከዚያም ጎማን አጥብቆ በሚይዝ ምንጣፍ ላይ ዳዶው ጠበቅ፣ በሚያዳልጥ የሸክላ አፈር ላይ ላላ ይደረጋል።

በሞተር ብስክሌት ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራው ክፍል የሚንሸራተተው በተቃራኒው ነው፤ ይኸውም ፍጥነት ሲቀነስ ጎማው ሞተሩን በሚነዳበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ቃሉ «ተንሸራታች ፍሪሲዮን» እንዲሆን፣ በመዝገበ ቃላትም ሁለቱ ፍቺዎች በቁጥር ተለይተው እንዲሰፍሩ ሐሳብ እናቀርባለን። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው፤ አድራጊውንና ተደራጊውን የምትለየው ግን እርሷ ናት።